አክስቴ ጆዜትና የአዳራሹ ጭስ

እኛ ኦጂብዌዎች፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም። ለልጅህ ስም እንዲያወጣልህ ወይም ለሞተብህ ሰው እንዲናገርልህ ስትፈልግ ትምባሆ ይዘህ ትሄዳለህ። ጉዳይህን ትነግረዋለህ፣ ከዚያ እጅ መንሻህን ትዘረጋለህ። ከተቀበለህ ቃል ሰጠ ማለት ነው፤ ቢታመምም፣ በረዶ መንገዱን ቢዘጋውም የጠየቅከውን ይፈጽማል። ካልፈለገ እጁን አይዘረጋም። ትምባሆው ደግሞ የሚጨስ አይደለም። ሐይቅ ላይ ይበተናል፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ እሳት ላይ ይደረጋል።

አያቶቻችን ትምባሆውን በየጓሯቸው ያበቅሉት ነበር። መንግሥት ሥርዓታችንን ሲከለክል ዘሩም አብሮ ጠፋና ሰዉ በሱቅ ሲጋራ ተካው። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ሽማግሌዎቻችንን ማክበር እየመሰለን ስንቱን ቀበርን! ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አክስቴ ጆዜት ቤላንጀር ይህን ከሁላችንም ቀድማ ያየች ሴት ነበረች። በሰሜን ሚኒሶታ፣ እዚሁ ሐይቃችን ዳር፣ ቀን የተማሪ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ማታ ሰዉ ቢንጎ የሚባለውን የካርድ ዕጣ በሚጫወትበት የማኅበራችን አዳራሽ ወጥ ቤት ዳቦ ትጠብሳለች። አጭርና ደንዳና ነበረች። ድምፅዋ ከአውቶቡሱ ጡሩምባ አይተናነስም። ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም። ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት፣ "አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ይዤ ደግሞ ባል ላሳድግ?" ትላለች።

ወንድሟ አጎቴ አልቪን ስም አውጪያችንና የቀብር ተናጋሪያችን ነው። ሟችን ወደዚያኛው ዓለም የሚሸኘውን ቃል በገዛ ቋንቋችን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ከሱ በቀር አልቀረልንም። ስለዚህ ሁሉም ወደሱ ይሄዳል፣ ሁሉም ፓኮ ሲጋራ ይዞ። አልቪን የተሰጠውን መጣል ነውር ነው ብሎ ያጨሰዋል። በመጨረሻ ሳንባው ተበላሸና የኦክስጅን ጠርሙስ እየጎተተ መሄድ ጀመረ። ሰዉ ግን መች ተወው!

አንድ ቀን አንድ የጎረቤት ልጅ ሙሉ ስቴካ ሲጋራ ታቅፎ ሲመጣ አክስቴ በር ላይ ያዘችው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለአልቪን ነው፣ አክስቴ። እማዬን አሟታል፤ እንዲጸልይላት ነው።"

"ምኗን ነው ያመማት?"

"ሳንባዋን።"

"እና ለእናትህ ሳንባ እንዲጸልይ የወንድሜን ሳንባ ልትጨርስ መጣህ?"

"ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ እንዴ?" አለ ልጁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አክስቴ ስቴካውን ነጥቃ፣ የፈላ ሻይ አጠጥታ ሸኘችው፤ ከዚያ ድንበር ማዶ ካናዳ ላለች ዘመዳችን ስልክ ደወለችና የድሮውን የትምባሆ ዘር ለመነቻት።

የመጀመሪያውን ዓመት ተክል ውርጭ ገደለው። የሚቀጥለውን አጋዘን በላው። አክስቴ አጋዘኑን ስትሰድብ የዋለችውን እዚህ ብጽፈው ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ግን በዙሪያው አሮጌ የዓሣ መረብ አጥራ፣ ወገቤ ሳትል ተንከባክባ አደረሰችው። ቅጠሉን በረንዳዋ ላይ አድርቃ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ታድላለች፤ "ፓኮ ይዘህ ወንድሜ ደጃፍ ብትደርስ ግን እግርህን እሰብረዋለሁ" የሚል ምርቃት ጨምራ። ቀስ በቀስ ፓኮው ቀረ።

የአዳራሹ ጭስ ግን አልቀረም። ቢንጎውም ለቅሶውም እዚያው ነው፤ ጭሱ ደግሞ በቢላ የሚቆረጥ ይመስላል። አልቪን ሟች ሊሸኝ ይቆምና ሳል ቃሉን አፉ ላይ ይቀማዋል። ሐኪሙ፣ ሌላ ክረምት እዚያ ጭስ ውስጥ ከቆመ እንደማይተርፍ ነገረን። አልቪን ደግሞ እጅ መንሻ ከተቀበለ አይቀርም። አክስቴ በአዳራሹ ማጨስ እንዲከለከል ለማኅበራችን ምክር ቤት ደጋግማ አመለከተች። እነሱም ደጋግመው ለሌላ ጊዜ አሳደሩት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በተደረገው ስብሰባ ላይ አክስቴ ማይክራፎኑን አልፋ ቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። ራስል ሞሪሶ በሷ አውቶቡስ ተመላልሶ ያደገ፣ የሸሚዙ ኪስ ከሲጋራ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በቀይ ጨርቅ የቋጠረችውን የጓሮዋን ትምባሆ ዘረጋችለት።

"ራስል፣ ስለ ወንድሜ ነው የምለምንህ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲጋራ ይቁም። ለቢንጎውም፣ ለለቅሶውም።"

ራስል ሁለት እጁን ጠረጴዛው ሥር ከተተ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስብሰባ ነው። በድምፅ ነው የሚወሰነው።"

"ድምፅህን መች ከለከልኩህ? እጅህን አምጣ ነው ያልኩት።"

"ከተቀበልኩሽ ገባሁበት ማለት ነው።"

"ታዲያ ለምን ያመጣሁት መሰለህ፣ ለሰላጣ?"

"እኔ ራሴ አጫሽ ነኝ። በምን አፌ ሌላውን ልከልክል?"

"ተው አላልኩህም። ውጪ ወጥተህ አጭስ። ብርዱ ምናልባት ልብ ይሰጥሃል።"

ራስል አልሳቀም። "ተጫዋቾቹ ቢሸሹስ? ለሽማግሌዎች የክረምት ማገዶ የምናቀርበው እኮ ከቢንጎው ነው። ያቺ የእህትሽ ልጅ፣ የቢንጎ ካርድ ሻጯስ፣ ምን ትብላ?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በራስልም በአክስቴም ተናድጄ ነበር፤ እንጀራዬ ነዋ።

"እሷ ጉልበት አላት፣ ትሠራለች" አለች አክስቴ። "ሽማግሌዎቹ ካለቁ ግን ማገዶውን ማን ይሞቀዋል?"

ከዚያ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። ራስል ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከኋላ አልቪን ሳለ። ራስል ሳሉ እስኪያበቃ ጠበቀ። ሳሉ ግን አላበቃም። ሰዎች ተነሥተው ደገፉት፣ የጠርሙሱን ቱቦ አስተካከሉለት፣ እሱ አሁንም ይስላል። ራስል አንዴ አልቪንን፣ አንዴ የአክስቴን እጅ አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ትምባሆውን ተቀበለ።

ድምፅ የተሰጠው ለደንቡ ያህል ነው። በዚያው ሳምንት የሲጋራ መተርኮሻዎቹ ሁሉ ተለቅመው ወጡ። ራስል በረዶ ላይ ቆሞ እያጨሰ ባለፈ ባገደመ ይሰደባል፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። አንዳንድ ተጫዋቾች ኮበለሉ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። የኔም የሥራ ሰዓት ለጊዜው ተቀነሰ፤ ለአክስቴ ብነግራት፣ "ዳቦ ልጥበስልሽ?" አለችኝና ሳልወድ አሳቀችኝ። አልቪን ያን ክረምት ተሻገረ።

በሚቀጥለው ዓመት ሳል የጀመረው አክስቴን ነው። ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ካየ በኋላ በቀን ስንት እንደምታጨስ ጠየቃት።

"አንድም።"

"ድሮስ?"

"ድሮም አላጨስኩም። እኔ ዳቦ ስጠብስ ሌሎቹ አጨሱልኝ" አለችው።

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን አብሬያት በዚያ ጭስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስለ አልቪን ስንፈራ እሷን ያየ ሰው አልነበረም። የሐይቁ በረዶ ሳይቀልጥ ሞተች።

በቀብሯ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ በአውቶቡሷ ያደገ ሁሉ መጥቷል። አየሩ ንጹሕ ስለሆነ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ሰው ፊት እንኳ ይለያል። አልቪን ጠርሙሱን ይዞ ቆመ።

"እህቴ ለኔ ቀብር ስትሰናዳ ነው የኖረችው" አለ። "ቀደመችኝ። መቼስ ወረፋ መጠበቅ አታውቅበትም።"

ሳቅን፣ አለቀስን። ከዚያ የመሸኛውን ቃል ጀመረ። ድሮ ሳል እየቆራረጠ የሚያስቀረውን ሁሉ፣ የመንገዱን ዝርዝር፣ የምትሻገረውን ውሃ፣ ማዶ ሆነው የሚጠብቋትን ዘመዶቿን፣ አንድ በአንድ ነገራት። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁ ተቋረጠ። ሳሉ መስሎን ሁላችንም ከወንበራችን ተነሣን። ሳል አልነበረም፤ እያለቀሰ ነው። ፊቱን በእጁ ጠረገና እስከ መጨረሻው ቀጠለላት።