ሽቦ መሬት አይንካ

የሚልክያስ ሥራ ለሃያ አራት ዓመት ላም ማባረርና መልስ መስጠት ነበር። ሁለቱንም የሚሠራው መሐል ጂንካ፣ በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ሣር ነው፤ ከተማው ዙሪያውን ከቦት ይኖራል። አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ያቋርጠዋል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ሚልክያስ በፉጨትና በአርጩሜ ሜዳውን ያጸዳል። ከዚያ ሮጦ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ይገባና ሬዲዮኑን ያነሳል፤ አብራሪው ይጠራዋል።

«ጂንካ፣ ጂንካ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ። ሜዳው ነፃ ነው።»

አዲሱ ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲከፈት ሬዲዮኑን አስረከበ። አርጩሜው እጁ ላይ ቀረ። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ከልጁ ከሩቲ ጋር ነው፤ ግራ ጆሮው ብዙ አይሰማም።

ሩቲ እንጨት ሠሪ ናት። ጓሮ ባለው ቤት ውስጥ፣ በሁለት ካርቶን ከአዲስ አበባ አስመጥታ ራሷ የገጣጠመችው ማሽን አላት፤ ሲኤንሲ ይሉታል። ጠረጴዛ ያህላል። ላፕቶፕ ላይ የተሳለውን ሥዕል እየተከተለ፣ በሞተር የሚሽከረከር መቁረጫ እንጨቱን ይፈለፍላል።

ከማጎ ማዶ ካለችው ከሃና ከተማ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ምስባክ፣ ሰባኪ ከኋላው የሚቆምበትን ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ አዘዟት። እንጨቱን ራሳቸው አመጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ንፋስ የጣለው ዋንዛ ነው፤ ሦስት ሳንቃ ወጥቶታል፣ ሁለት ዓመት ጣራ ሥር ደርቋል። ሩቲ ለምስባኩ ፊት የምትፈልገው አንዱን ብቻ ነበር፤ የማሽላ አገዳ ልትፈለፍልበት። የቀሩትን ሁለቱን «ለክፉ ቀን» ብለው ተዉላት። ክፉ ቀን ሁለት ጊዜ መጣ።

ማሽኑ ሲጀምር ደህና ይሄዳል። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ «ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። መቁረጫው ባለበት ይቆማል፤ መሽከርከሩን ግን አይተውም። አንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ብረት እንጨት ያቃጥላል። በሁለቱ ሳንቃዎች ላይ፣ ከማሽላው መሐል፣ ጥቁር ጉድጓድ ቀረ።

ምስባኩ እሑድ ይመረቃል። መኪናው ዓርብ ጠዋት ሊወስደው ይመጣል። ቀኑ ማክሰኞ ነው። የቀረው ሳንቃ አንድ ነው።

ሩቲ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ገመዱን ቀየረች። ላፕቶፕ ተዋሰች። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። ሐዋሳ ያለው ወዳጇ ዮናስ በስልክ «ፍጥነቱን ቀንሺ» አላት፤ ቀነሰች። ጎረቤቷ ባለሱቋ ሳምሪ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ ትከታተላለች።

«ያ ማሽን ቁርጥ ባሌን ነው» አለች። «ሲጀምር ጥሩ ያወራል፤ መሐል ላይ ስትጠሪው ዝም።»

«ብሎኑን አላጠበቅሽውም ይሆናላ» አለች ሩቲ፣ ሳትስቅ።

ሚልክያስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሁለቱ ምንድን ነው የሚባባሉት?»

«እነማን፣ አባዬ?»

«ኮምፒውተሩና ማሽኑ።»

«ላፕቶፑ አንድ ትእዛዝ ይልካል። እዚህ ድረስ ሂድ ይለዋል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ይቀበልና እሺ ይላል። እሺ ካላለ ቀጣዩ አይላክም።»

«እሺ ሳይል ቀርቶ ነው ወይስ እሺ ብሎ ሳይሰማ?»

ሩቲ ቀና ብላ አየችው። «ምን ልዩነት አለው?»

«አለው» አለ። «መቁረጫውን ሳታስነሺ፣ እንዲሁ በባዶ አስኪጂው።»

አስኬደችው። ክንዱ በአየር ላይ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ አንዴም አልተቋረጠም። ቁራጭ ጣውላ አስገብታ የመቁረጫውን ሞተር አስነሳች። ስምንት ደቂቃ ሄደና ቆመ።

«ሌላ ሰው እያወራ ነው» አለ ሚልክያስ። ወደ ቤት ገብቶ ዜና የሚሰማባትን ትራንዚስተር ሬዲዮ አመጣ።

ሳምሪ ከአጥሩ ማዶ ሳቀች። «ጋሼ፣ ዜና ሊያሰሙት ነው?»

ሚልክያስ ጣቢያ በሌለበት አቆመው። ሬዲዮኑ እንደ ሩቅ ዝናብ ብቻ ይሰማል። «አስነሺ» አለ። ሞተሩ ሲነሳ ዝናቡ ተለወጠ፤ ሬዲዮኑ እንደ ተነካ ቀፎ ጮኸ። ሚልክያስ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይራመድ ጀመር። በመስኮቱ በኩል ጩኸቱ ቀነሰ። በላፕቶፑ በኩል ትንሽ ጨመረ። መሬቱ ፍቅፋቂ ስለነበረበት እግሩ ሥር ለስላሳ ነው፤ እንደ ሣር ነው። ጭጋግ ያለበት ጠዋት መሰለው። ከብቶቹ እዚያ ናቸው፣ አይታዩም፤ ሲግጡ ብቻ ይሰማሉ። ከላይ የሆነ ነገር ይዞራል። እሱ ሬዲዮኑን እንደ ፋኖስ ወደፊት ዘርግቶ ይሄዳል፤ ሜዳው አያልቅም።

ጩኸቱ ሲበረታ ዓይኑን ገለጠ። እጁ የማሽኑ ክንድ ላይ ነበር። በክንዱ ላይ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ ወፍራም፣ የሞተሩ፤ አንዱ ቀጭን፣ ከላፕቶፑ የሚመጣው። በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተያይዘዋል። የሚያምር አስተሳሰር ነው።

«ማን አሰራቸው?»

«እኔ ነኛ። ሽቦ መሬት አይንካ እያልክ አይደል ያሳደግከኝ?»

ሚልክያስ ሬዲዮኑን አጠፋ። ወንበር ሳይፈልግ በዋንዛው ሳንቃ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በ1988 ክረምት አንዲት ላም የሬዲዮኑን አንቴና ሽቦ በቀንዷ ጎትታ በጠሰችው። ሚልክያስ ሽቦውን ቀጠለና ሁለተኛ እንዳይጎተት ከጣራው ክፈፍ ጋር ከሚሄደው የጄኔሬተር ገመድ ጋር አሰረው፤ በየክንዱ፣ አሳምሮ። ሬዲዮኑ ዘወትር የሚሠራው በባትሪ ነው። በማግስቱ ባትሪው ሞተ፤ ጄኔሬተር አስነሳ። የዚያን ቀን ጭጋግ ነበር። ከሃና በቃሬዛ የመጣ፣ ቀይ ብርድ ልብስ የለበሰ በሽተኛ ሣሩ ላይ አውሮፕላን ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ከደመናው በላይ ሲዞር ይሰማል። ሬዲዮኑ ግን ቀፎ ነበር፤ ከጩኸት በቀር ቃል አይሰማበትም። ከዚያ የአውሮፕላኑ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። በሽተኛውን ጭነት መኪና ላይ አወጡት።

በሳምንቱ አብራሪው «ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፤ አልመለስክም» አለው። ሚልክያስ ደመናው ነው አለ። ሰው ሁሉ ደመናው ነው አለ። በኋላ አንድ ቴክኒሽያን መጣ፤ ሽቦዎቹን ለያየና ምንም ሳይናገር ሄደ። ሚልክያስ ጥፋቱን በላሟ ላይ አላከከ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የወደቀ ሽቦ ባየ ቁጥር ያነሳል፤ ከቅርቡ ነገር ጋር ያስራል። ልጁንም እንዲሁ አስተማረ።

ይህንን ለሩቲ ነገራት። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም።

«ሰውየውስ?» አለችው።

«አላውቅም። አልጠየቅኩም።»

ሩቲ መቀሱን አነሳች። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠች። ቀጭኑን ገመድ በሌላ በኩል፣ በመስኮቱ ዞራ አመጣችው፤ የተረፈውን መሬት ላይ ተወችው። በቁራጭ ጣውላ ረቡዕን ሙሉ ሞከሩት። አልተቋረጠም።

ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻውን ሳንቃ አሰሩ። ሩቲ ጣቷን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አድርጋ ቆመች። ሚልክያስ ሬዲዮኑን ቀጭኑ ገመድ አጠገብ አስቀምጦ፣ ቀኝ ጆሮውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ዝናቡ ዝናብ እንደሆነ ቆየ። ስምንት ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። ሳምሪ ሱቋን ትታ መጥታ ነበር፤ አልቀለደችም። የማሽላው አገዳ ከሳንቃው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፣ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ ራሱ። አምስት ሰዓት ሙሉ ከሠራ በኋላ ማሽኑ ወደ ጥግ ተመልሶ ቆመ። ሬዲዮኑ ውስጥ ማንም አልጮኸም።

ዓርብ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ሚልክያስ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ መንገዱ ይጎዳሃል» አለች ሩቲ።

«ያንን ሰው በጭነት መኪና ጭነነዋል» አለና መኪናው ላይ፣ ከምስባኩ አጠገብ ወጣ።

በማጎ በኩል ወረዱ። ሃና ላይ ወንጌላዊው ተስፋሁን ተቀበለው። ሚልክያስ የመጣበትን ነገረው።

«በቃሬዛ የወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ጋሼ። ስሙ ማን ነበር?»

«ስሙን አላውቅም።»

ተስፋሁን አሰበ። «እሑድ ሕዝቡ ሁሉ ይመጣል። ከስብከቱ በኋላ ራስህ ቆመህ ጠይቅ። እኔ በአገሩ ቋንቋ፣ ወደ ዲመኛ እመልስልሃለሁ።»

እሑድ ሚልክያስ ከምስባኩ ኋላ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ ስላላወቀ የእንጨቱን ጫፍ ያዘ። ዓመቱን ተናገረ፣ ጭጋጉን፣ ቀዩን ብርድ ልብስ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ሰውየው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ተስፋሁን እያንዳንዷን ቃል ወደ ዲመኛ መለሰ።

ሲጨርሱ ሚልክያስ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ልትመልስለት ተነሳች።