ሐረጎን የወረድኩበት መርከብ

አደጋው የታየኝ ሾፌሩ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

ከደሴ መናኸሪያ ተነስተን፣ ከተማውን ጨርሰን፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሚኒባሱን ዳር አስይዞ አቆመና ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር ከተተው። ጫማ የሚያወልቅ ሰው ወይ ሊሰግድ ነው፣ ወይ ወንዝ ሊሻገር። ይሄኛው ግን የኮምቦልቻውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ሊወርድ ነበር።

«ወንድሜ፣ ምነው ጫማህን?» አልኩት። ከጀርባው ነው የተቀመጥኩት።

«ፍሬኑ በባዶ እግሬ ነው ደህና አድርጎ የሚሰማኝ፣ እናቴ።»

እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው? ፍሬን እንደ ወጥ ጨው ተቀምሶ ነው እንዴ የሚታወቀው?

ያን መንገድ ከተውኩት ሦስተኛ ክረምቴ ነበር። አንድ ቀን በጉም ስንወርድ የመኪናችን ጎማ ከአስፋልቱ ወጣና፣ ወላሂ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ ከእግሬ በታች አየሁ። ዛፍን ከላይ ማየት የወፍ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ ሠርግ ሲኖር ያመኛል፤ ለቅሶ ሲኖር ስልክ እደውላለሁ። ልጄ እዚያ ስታገባ እንኳ «እሷ ወጣት ናት፣ እሷ ትምጣ» ብዬ ደሴ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ደግሞ ወጉ ከእኔ ጋር ሆነ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ቅዳሜ ልትመጣ ተነጋግረን፣ አልጋዋን አንጥፌ፣ የገንፎ ዱቄቱን አስፈጭቼ ጨርሻለሁ። ባለቤቴም ለንግድ ወልድያ ሲሄድ «ለቅዳሜ እደርሳለሁ» ብሎ ነው የወጣው። ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ምጥ ጀምሮኛል። ጤና ጣቢያ ገብቻለሁ። አንቺ ሳትመጪ አልወልድም።»

«ምጥ በቀጠሮ ነው እንዴ?» አልኳት። ይሄን እያልኩ ግን ዱቄቱን አንስቼ በሩ ጋ ደርሻለሁ።

«ስትወርጂ ገደሉን አትዪ። ስልክሽ ላይ የጫንኩልሽን ክፈቺና እሱን እዪ። አንድ ጊዜ ብቻ ዕድል ስጪው።»

«እሱ» የምትለው ያን የሰማይ ላይ ተከታታይ ፊልም ነው። ስድስት ዓመት ቤቴ ሲኖር አንድ ቀን ሰላም ብዬው አላውቅም። ልጄና አባቷ ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ሰዎች መርከብ በሚሉት ብረት ቤት ውስጥ ሆነው በከዋክብት መሃል ይንከራተታሉ። እኔ «የምድሩን ሳንጨርስ» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። ማለፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነገሩ እስኪጦፍ እጠብቅና መጥረጊያዬን ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት እደቀናለሁ።

«እማ፣ ዞር በይልን።»

«ቤት መጥረግም ነውር ሆነ?»

በዚያ ቤት እንደዚያ ጥግ የተጠረገ ቦታ የለም።

እንግዲህ ሚኒባሱ የመጀመሪያውን ጠምዛዛ ሲዞር ዱቄቴን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ነበሩ። ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው «ልጄ፣ እጅጌዬን ልቀቂልኝ፤ ሌላ ልብስ የለኝም» አሉኝ። የሳቸውን እጅጌ መጨበጤን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለቀቅሁና እጄ ሥራ እንዲያገኝ ስልኩን ከፈትኩ።

የፈራሁት ንባብ እንዳይኖረው ነበር። ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ፊደል እየሮጠ ሲያልፍ አልይዘውም። ልጄ ግን የጫነችልኝ በአማርኛ የተተረጎመውን ነው። አንድ ሰውዬ ብቻውን የሁሉንም ድምፅ ያወጣል፤ የአዛዦቹን፣ የሴቶቹን፣ የሚያለቅሰውንም ሕፃን።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው አረንጓዴ የሆነው?» አሉ ቄሱ።

«እንጃ አባ፣ እኔም ገና መጀመሬ ነው።»

«ታሞ ይሆን?»

«የለም፣ ዘሩ እንደዚያ ይመስላል።»

«እንግዲህ እሱንም የፈጠረ ነው የፈጠረው» አሉና ጠጋ አሉ።

የመርከቧ ካፒቴን ሴት ናት። የእኔ እኩያ፤ ወገቧም እንደ እኔው ሞላ ያለ። ሞተሩ ጠፋባቸውና መርከቧ ቁልቁል ወደ አንድ ቀይ ዓለም መውደቅ ጀመረች። ሠራተኞቹ ሁሉ እሷን እሷን ያያሉ። እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃለች፤ ሲንቀጠቀጡ የምናየው እኛ ብቻ ነን። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወጥ ሠሪውን ጠየቀችው። «ዛሬ ምሳ ምንድነው?»

«ምስር» አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት።

«ትናንትም ምስር ነበር።»

ሳቁ። ሲስቁ እጃቸው ተፈታና ወደ ሥራቸው ገቡ።

የራሴን እጅ አየሁት፤ ሻርፔ ሥር ተደብቋል። ይቺ ሴትዮ ሐረጎን ታውቀዋለች አልኩ በልቤ።

ጠምዛዛው ላይ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ ኖሯል። ሾፌራችን በባዶ እግሩ ፍሬኑን ረግጦ፣ ሚኒባሱ ተንሸራቶ ሊነካው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። እኔና ቄሱ ያወቅነው ስልኩ ከእጄ አምልጦ ወንበር ሥር መግባቱን ነው።

«አንሺው እንጂ፣ ሳያልቁብን» አሉኝ።

ከኋላችን አንዲት ሴት እንባ እየተናነቃት «እኛ ገደል ልንገባ ነው፣ እናንተ ፊልም ታያላችሁ?» አለችን።

«ልጄ፣ የነሱ ከእኛ ብሷል» አሏት ቄሱ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መርከቧ ግን ገና እየወደቀች ነበር፤ ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ።

«ሰው አየር ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?» አሉ ቄሱ ከልባቸው ተቆጥተው። ምጥ ልጠይቅ እንደምሄድ ስነግራቸው ግን ቁጣቸውን ትተው «ማርያም በሰላም ታገላግላት» ብለው መረቁልኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ስወርድ ሾፌሩ ጫማውን ሊያጠልቅ ይታገል ነበር። እግሩ እየተንቀጠቀጠ ጫማው አልገባ ብሎታል። ለካ እሱም የሚደብቅበት ጠረጴዛ ነው ያጣው። «እግርህ ይባረክ» አልኩትና ባጃጅ ያዝኩ።

ልጄ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ስታየኝ ዓይኗን አላመነችም።

«እውነት መጣሽ? በምን?»

«በመርከብ።»

«አየሽዋ?»

«ገደሉን ነው ያየሁት» ብዬ ዋሸኋት።

ወዲያው ምጡ መጣና ፊቷ ተለወጠ። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ ልክ እንደነዚያ ሠራተኞች እኔን እኔን ታያለች። አንድ እጄን ሰጠኋት፤ ሌላው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንሶላው ሥር ከተትኩት። ፊቴን ኮስተር አደረግሁ።

«አብሽሪ። ስትጨርሺ ምን ልሥራልሽ? ምስር?»

ጥርሷን ነክሳ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቅና ጩኸት ተደባልቆ።

«አይተሽዋል። እማ፣ አይተሽዋል።»

«ትናንትም ምስር ነበር» አልኳት።

አዋላጇ ነርስ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየች «እማማ፣ አያስቋት፣ ትግፋበት» አለችኝ።

«እየገፋች ነው የምትስቀው፣ የኔ ሸጋ።»

የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመሰማቱ ሴት ልጅ ተወለደች። ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ እናቷ ደረት ላይ ስትተኛ፣ ጤና ጣቢያው ባዋሰኝ ምድጃ ገንፎውን እያማሰልኩ እንደ ዋዛ ጠየቅሁ።

«መርከቧስ? ተረፉ?»

«ራስሽ እዪው» አለች ልጄ ዓይኗን ጨፍና። «ስድስት ዓመት መጥረጊያሽን ችያለሁ።»

ባለቤቴ ከወልድያ ሲደውል ነገሩ ሁሉ ተደባልቆበት ነበር። ረቡዕ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ነው፣ ደሴ አይደለም። ከሁሉ የከበደው ግን የእኔ ነገር ነው።

«አንቺ? በሐረጎ? ምንም አልሆንሽም?»

«ምንም። ልጅህም ደህና ናት፣ ሕፃኗም ደህና ናት» አልኩት። «እኔም ደህና ገብቻለሁ።»