ሲፒዩ ታቅፌ ወደ ቂርቆስ

ጠዋት 3፡30፣ ካዛንቺስ

ከካዛንቺስ ቂርቆስ መሄድም ጉዞ ሆኖ ይጻፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ከሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ የማልረሳው ይሄንን ነው። የምሠራው በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የሕመምተኞቹ መዝገብ እኔ ጠረጴዛ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ ዶክተሮቹ ከየክፍላቸው በኔትወርክ ይከፍቱታል። የዚያን ቀን መዝገቡን የሚያቀርብላቸው ፕሮግራም አልነሳም አለ። አንድ መልእክት ብቅ ይላል፣ እዘጋዋለሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ያው ነው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ።

ወረፋው ላይ መጀመሪያ የነበሩት እማማ ዘይነባ ናቸው። የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ኪኒናቸው አልቆ ነው የመጡት።

"በቀን ሁለት ፍሬ ነው የምውጠው" አሉ።

ዶክተሯ አዲስ ናት። "ካርዱን ሳላይ አልጽፍም፤ ይሄ መድኃኒት ቀልድ አያውቅም" አለች።

ዘወትር የሚጠግንልን ባለሙያ ክፍለ ሀገር ነበር። ስደውልለት "በቃ፣ ቂርቆስ ጋሽ ምናሴ ዘንድ ውሰጂው" አለኝ።

4፡15፣ መንገድ ላይ

ሲፒዩውን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ካዛንቺስ መንገዱ ሰፍቶ፣ የማውቃቸው ሱቆች ተነስተው፣ ታክሲ የሚቆምበትን እንኳ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ረዳቱ "እህት፣ ዕቃው ኋላ ይሁን" ሲለኝ "ከእጄ አይወጣም" አልኩት። "ሕፃን ነው እንዴ?" አለና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሜክሲኮ ወርጄ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ገብቼ ስጠይቅ፣ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት የጋሽ ምናሴን ሰማያዊ በር አሳየችኝ።

5፡00፣ ቂርቆስ

ክፍሏ ውስጥ ጋሽ ምናሴ ፊት ጠረጴዛ፣ ኪቦርድና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ አለ።

"ይቅርታ፣ ስክሪን አላመጣሁም" አልኳቸው።

"ለእኔ ምን ይሠራልኛል?" ብለው ፈገግ አሉ። ዓይነ ስውር መሆናቸውን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ የመጣሁ መሰለኝ።

ፍላሽ ሰኩና ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ይሮጥ ጀመር። "ምን አለሽ?"

"አልነሳም አለ።"

"እሱማ ነው። ለምን አልነሳም አለሽ?"

 ስድስት ጊዜ የዘጋሁትን መልእክት አንዴም እንዳላነበብኩት ነገርኳቸው።

ማዳመጫውን ሰጡኝ። እንደሚንጣጣ ቆሎ ያለ ድምፅ ነው። "ቋንቋ ነው ይሄ?"

"እንግሊዝኛ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ፕሮግራም ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ያነብልኛል። ትንሽ ይቸኩላል። ትናንት አዲስ ነገር ጭናችኋል?"

"አዎ፣ ሠራተኛ በጣት አሻራ የሚፈርምበት ፕሮግራም።"

"እሱ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት ቁጥር ያለው በር አለው። አዲሱ ቀድሞ ይነሳና የመዝገባችሁን በር ይይዛል። የእናንተው ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። መዝገቡ ምንም አልሆነም።"

ለአዲሱ ሌላ ቁጥር ሰጡትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። "ተነስቷል" አሉ። እጄን ወደ ሲፒዩው ስዘረጋ "ቆይ፣ ደግሜ ላጥፋው፤ አንዴ መነሳቱ ብቻ አያስተማምንም" አሉኝ። በአድናቆት ፈዝዤ ቀረሁ። እንዴት እንደቻሉ ስጠይቃቸው "ዓይኔ እያለ እኔም እንዳንቺ መልእክቱን እዘጋው ነበር" አሉ።

7፡10፣ ካዛንቺስ

ዶክተሯ ካርዱን ከፍታ አነበበች። "እማማ፣ ባለፈው ወር እኮ ወደ አንድ ፍሬ ተቀንሶልዎታል። ድድዎ ይደማል?"

"ሰሞኑን አዎ። ጥርሴ ነው ብዬ።"

ኪኒኑን አስቁማ ወዲያው ለደም ምርመራ ላከቻቸው። ደማቸው ከልክ በላይ ቀጥኖ ነበር። ሁለት ፍሬ ብላ ጽፋላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ማሰብ አልፈልግም።

 ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩ የሚለኝን አንብቤ ሳልጨርስ አልዘጋም። እማማ ዘይነባ ሲመጡም "እንዴት ነዎት" ብዬ ብቻ አላልፍም፤ ስንት እንደሚውጡ፣ የት እንደሚያማቸው፣ ነግረውኝ እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።