እማማ ሐዋን የተሸከመ ትከሻ

እማማ ሐዋ፣ ላይ ግቢ ይኖሩ የነበሩ አሮጊት። ከማል፣ ልጃቸው፣ የዚያ ዘመን ጓድ። ጋሽ እንድሪስ፣ የሰፈራችን ቅሬ፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ዳኛ። አበጋዝ፣ የግቢው ዘበኛ። እኔ ይመር፣ ያኔ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ። ከእኔና ከአበጋዝ በቀር ዛሬ ሁሉም አፈር ውስጥ ናቸው። ስማቸውን ካነሳሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ያስነሳኝ ልጄ ፈድሉ ነው።

ፈድሉ ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ መጣና አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጭኔ ላይ ዘረጋ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ከመንገዱ በላይ ባለው ተራራ ላይ ሊሠራ የታሰበ መንደር ሥዕል ነው። ዙሪያው ግንብ፣ ፊቱ የብረት በር፣ ከበሩ አጠገብ የዘበኛ ጎጆ። ቤቶቹ ሁሉ መንታ ይመስላሉ። ሥዕሉ ውስጥ አንድም ሰው በእግሩ አይሄድም።

"አባዬ፣ እርጅናዎን በሰላም የሚያሳልፉበት ቦታ ነው" አለኝ። "ሌባ አይገባ፣ ለማኝ አይገባ፣ ጫጫታ የለ።"

"ቅሬውስ?" አልኩት።

ሳቀ። "የምን ቅሬ? አስተዳደሩ ሁሉንም ይጨርሳል። በወር በወር መክፈል ብቻ ነው።"

የገማ እንቁላል እንደ ሰበረ ሰው ፊቴን አዞርኩ። ልጄ የተቆጣሁት ስለ ዋጋው መሰለው። አልነበረም። ያንን በር ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ላይ ግቢ ከጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ነበር። በንጉሡ ዘመን አንድ ባላባት ጽዱን አስመንጥሮ ቤት ሠራበት፤ ኋላም መንገድ ለሚሠሩ ፈረንጆች አከራየው። ፈረንጆቹ ጭስ መውጫ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ጨመሩበት፤ ጽጌረዳም ተከሉ። አብዮቱ ሲፈነዳ ቤቶቹ የሕዝብ ሆኑ ተባለ። እኛ የታች ሰፈር ሰዎች አመንን። አንዱ ክሊኒክ ይሆናል አለ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ይሆናል አለ። አንድ ክረምት ሙሉ ባዶውን ቆመና ጥጆቻችን ጽጌረዳውን ሲበሉ ከረሙ። በመስከረም ግን መኪኖች መጡ።

የገቡት እነማን ነበሩ? አንድ የጦር መኮንን ከነሚስቱ፣ እህል ከሚሰበስብ መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ፣ ስሙን ሳላውቅ የቀረሁት ዝምተኛ የከብት ሐኪም፣ ሌሎችም ዛሬ መልካቸው የጠፋብኝ። ከማል ደግሞ ከእኛው ሰፈር የወጣ ልጅ ነው። ቀን ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኛ ስለ እኩልነት ሲናገር ይውላል፤ ማታ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ወደ ብርዱ ይመለሳል፤ ከመኪናው ኋላ አንድ ሣጥን ፓፓያ አይጠፋም። እርስ በርሳቸው ጓድ ይባባላሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም። ይፈራራሉ። እኔ ብዙ ዓይነት ጉርብትና አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቀዝቃዛ ጉርብትና ግን ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

መጀመሪያ በር አልነበረውም። በሩ የተተከለው በድርቁ ጊዜ ነው። ከቆላው የወጡ የተራቡ ሰዎች የግቢውን የጥብስ ሽታ ተከትለው አጥሩ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያሸታሉ። ግቢው ተሰብስቦ መከረና ምግብ በማውጣት ፈንታ ግንብ ለማቆም ወሰነ። ብረቱ ኮምቦልቻ ተበየደና በጭነት መኪና መጣ። ድንጋይ ካቀረቡት የቀን ሠራተኞች አንዱ እኔ ነኝ፤ የከፈሉን በስንዴ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ጥሩ ነበር፣ በላሁት። ግንቡ ሲያልቅ ከላይ ከደሴ ዙሪያ ድንችና ጎመን ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች የኖሩበት መንገድ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በገደሉ ዞረው ይሄዱ ጀመር።

ከማል እናቱን ከታች ሰፈር አንስቶ ላይ ግቢ አስገባቸው። እማማ ሐዋ የገብስ ዳቦ ጋግረው እየሸጡ ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ማሳረፉ በራሱ አይነቀፍም። ግን ዕለቱን ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄዶ ስማቸውን ከቅሬው አሰረዘ። "ቅሬ የአድኃሪ ሥርዓት ትራፊ ነው" አላቸው። "ደግሞም ግቢው የራሱ መኪና አለው።"

ቅሬ ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም። ለሌላው ግን፣ ሲሞቱ የሚያጥበውን፣ የሚቆፍረውንና የሚሸከመውን ሰው የሚያስተሳስር ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ሰው ሁሉ ለአፍታም ቢሆን ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር ያገባል። እማማ ሐዋ ባላቸው የሞቱ ጊዜ ያ ሁሉ ትከሻ ተቀባብሎላቸዋል። "ባሌን የተሸከመልኝን ሁሉ ሳልሸኝ አልሞትም" ይሉ ነበር። ስማቸው ቢሰረዝም መምጣታቸውን አልተዉም። እኔ ከበሩ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ላይ ጥሩምባዬን ስነፋ ሻሻቸውን እየጠቀለሉ ከትልቁ በር ጎን ባለችው ትንሿ መግቢያ ብቅ ይላሉ።

"ማን ነው ልጄ?"

"የወፍጮ ቤቱ ሙሐመድ ናቸው እማማ።"

"ኢና ሊላሂ! አበጋዝ፣ ክፈትልኝ።"

"እማማ፣ ጓድ ከማል ይቆጣኛል።"

"ከማልን ያጠባሁት እኔ ነኝ። አንተን ያጠባህ እሱ ነው?"

አበጋዝ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሳቁን ይውጥና ይከፍታል።

ከዕለታት አንድ ቀን የመኮንኑ ሚስት ጥሩምባው ሟርት ሆነብኝ ብላ አቤት አለች። ከማል ወዲያው አዘዘ። አበጋዝ ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ ቋጥኙ መጣና ዓይኔን ሳያይ፣ "ይመርዬ፣ ኸዚህ በኋላ ኸወንዙ ማዶ ንፋ። ታዝዤ ነው" አለኝ። ወረድኩ። ከወንዙ ማዶ የተነፋ ጥሩምባ ታች ሰፈርን ያዳርሳል፤ ግንቡን ግን አያልፍም።

ብዙም ሳይቆይ የጋሽ እንድሪስ ሚስት እትዬ ቶይባ ሞቱ። ቶይባና ሐዋ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የጋገሩ ናቸው። ነፋሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ እማማ ሐዋ ቀሩ። የሰሙት ከቀብሩ በኋላ ስንት ቀን አልፎ ነው። እያለቀሱ ሲደርሱ ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጧቸው።

"ዘገየሽ ሐዋ። ግቢው ሞቆሻል።"

"ወላሂ አልሰማሁም እንድሪስ!"

እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ "ጋሼ፣ ኸማዶ አስነፍተውኝ ነው" አልኩ።

"ልብ ያለው ሰው ያለ ጥሩምባም ይሰማል" አሉና በሩን ዘጉ። የበደለው ከማል ነበር። እሳቸው ግን ከማልን ይፈሩታል፤ አሮጊቷን አይፈሩም። የደካማ ሰው ቁጣ ምንጊዜም ወደማይመታው ሰው ነው የሚዞረው።

እማማ ሐዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያናገርኳቸው ክረምት ውስጥ ነው። ጦሳን ጉም ውጦታል፤ በግንቡ ሽንቁር የማየው ዓይናቸውንና ጣታቸውን ብቻ ነበር። ያስላቸዋል። ትኩስ የገብስ ዳቦ ቁራሽ አሳለፉልኝ።

"ይመር፣ ስሞት በመኪና እንዳይወስዱኝ። መኪና የሚጭነው ዕቃ ነው። ሰው ይሸከመኝ።"

"አብሽሩ እማማ፣ ገና ነዎት።"

"አትሸንግለኝ። ማልልኝ።"

ማልኩላቸው።

በነሐሴ አንድ ንጋት ላይ አበጋዝ በዝናብ እየሮጠ መጣ። "እማማ አለቁ" አለኝ። ሁለት የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን አጠባውን እንዲያደርሱ በትንሿ መግቢያ አስገብቷቸዋል። በእኛ ደንብ ማልዶ የሞተ ሰው ቀብር ከቀትር ሶላት አያልፍም፤ ስለዚህ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ።

"ስሟ የለም" አሉኝ ጨው እየመዘኑ። "ግቢው ይቅበራት።"

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከማል ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ጫማው ጭቃ ነው። ከአብዮቱ ወዲህ ያንን ጭቃ ረግጦ አይቼው አላውቅም።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እናቴ…"

"ጓድ ከማል! ምነው? መኪናው ተበላሸ?"

"አጥፍቻለሁ። በሰው እንድትቀበር ነው የተናዘዘችው።"

"የአድኃሪ ትራፊ ነን እኮ እኛ። ጓዶችህ ትከሻ የላቸውም?"

ከማል አንገቱን ደፋ። ሽማግሎች ተጠሩ። ክርክሩ ተጀመረ፤ ይቅርታው በማን ፊት ይሁን፣ እማማ የቀሩበት ቀብር ሁሉ መቀጮ ይታሰብ አይታሰብ። አንዱ ሽማግሌ ቆሎ ይቆረጥማል። ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች፣ የቀትር አዛን ተሰማ። አሮጊቷ ታጥበው፣ ተከፍነው ተቀምጠዋል፤ እዚህ ወንዶች ክብራቸውን ይመዝናሉ።

ወጣሁ። ጥሩምባዬን ይዤ ወደ ተከለከልኩት ቋጥኝ ወጣሁና ነፋሁ።

ሰው መጣ። ከታች ሰፈር መጣ፣ ከወንዙ ማዶ መጣ፣ በገደሉ የሚዞሩት ድንች ሻጮች ሳይቀሩ መጡ። ማንም ስሟ አለ የለም ብሎ የጠየቀ የለም። መንገዱ ሞላ። አበጋዝ ከበሩ ውስጥ ቆሞ ላብ አጠመቀው።

"ትልቁን በር ክፈት፤ ቃሬዛ በትንሿ አያልፍም" አልኩት።

"ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያለ ጓድ ከማል ቃል ብከፍት ያሥሩኛል። ይምጣና ወዲያው እከፍታለሁ።"

ጠበቅን። ከግንቡ በላይ የቤቶቹ መጋረጃዎች ሲንቀሳቀሱ ይታየኛል። ከነዚያ ቤቶች አንድም ሰው አልወጣም። የመኮንኑ ሚስት በገረዷ አንድ ፔርሙስ ሻይ ላከች አሉ፤ ያ ነው የግቢው ለቅሶ።

በመጨረሻ ከማልና ጋሽ እንድሪስ ጎን ለጎን ሲወጡ ታዩ። ታርቀዋል ማለት ነው። እሰይ አልኩ በልቤ። ከማል ጥምዝማዙን ዞሮ ሕዝቡን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። እናቱን ሊቀብር የመጣ ሰው መሆኑን አላየም፤ ያየው የተሰበሰበ ሰው ብቻ ነው።

"ይህ ሰልፍ ማን ፈቅዶት ነው?" አለ። "ጓዶች ከላይ እያዩ ነው!"

ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ነው ያስነፋህ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ ጋሼ።"

"ያለ ዳኛ ትእዛዝ ቅሬ አይወጣም!" አሉ። ሊቀብሩ ወስነው ነው የመጡት፤ ግን ሳያዙ መደረጉ አቃጠላቸው። "ሁላችሁም ወደየቤታችሁ! የሚቀር ኸቅሬው ወጣ።"

አንደኛው ለሥልጣኑ ፈራ፣ ሌላኛው ሥልጣኑ ተነካበት። ሁለቱ ሳይማከሩ ተስማምተው ሕዝቡን መለሱት። ሕዝቡም ተመለሰ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይህ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ፣ እየተንጠባጠበ ወረደ። ከማል እጁን ዘርግቶ፣ "ቆይ… እኔ እኮ…" ሲል ሰማሁት። መጨረሻውን የሰማ የለም።

ትልቁ በር የተከፈተው ለመኪናው ነው። እማማ ሐዋን ከኋላ ጭነው ወጡ፤ የፓፓያው ሣጥን በሚጫንበት። እኔ እየሮጥኩ ተከተልኩ። ኋላዬ ኮቴ ሰምቼ ዞር ብል አበጋዝ ነው፤ በሩን ክፍቱን ትቶት መጥቷል። ከእሱ ኋላ አንድ ድንች ሻጭ፣ የላይ አገር ሰው፣ የእማማን ስም እንኳ የማያውቅ። መቃብሩ ስንደርስ የመግሪብ ሶላት ተቃርቦ ነበር። መኪናው መሬቱ ጭቃ ሆኖበት ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ቆመ። ያ ጭቃ የአላህ ሥራ ነው እላለሁ። ከማል፣ ሹፌሩ፣ አበጋዝ፣ ድንች ሻጩና እኔ ከዚያ ተሸከምናቸው። ሲሸከም ከማል ያለቅስ ነበር። አላዘንኩለትም።

እኔን ጋሽ እንድሪስ ከጥሩምባው አባረሩኝ። ቅሬው በዚያው ዓመት ለሁለት ተከፈለ፤ እሳቸው ሲሞቱ ግማሹ ሰፈር አልወጣም። መንግሥት ሲለወጥ የግቢውን በር ነቅለው ብረቱን የተከፋፈሉት እነዚያው አንገታቸውን ደፍተው የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ሲነቅሉ ጀግኖች ነበሩ። ከማል ኮምቦልቻ አንዲት ኪራይ ቤት ውስጥ አርጅቶ ሞተ። ቀብሩ ሄጄ ነበር። በጣት የምንቆጠር ነበርን።

ይህን ሁሉ ለፈድሉ ነገርኩት። ሰማኝና ወረቀቱን አጣጠፈ።

"አባዬ፣ የዛሬው እንደዚያ አይደለም።"

"ይሆናል" አልኩት። ልጄ መጥፎ ሰው አይደለም። ከማልም ያኔ መጥፎ ልጅ አልነበረም።

የአዲሱ መንደር ዋጋ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የድሮው ያስከፈለንን የጻፈው የለም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። የሰፈርን ሰው ሁሉ ሸኝተው ለኖሩ አንዲት ሴት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሳለ፣ ከመኪናው እስከ ጉድጓዱ አምስት ትከሻ።