እጄን ወይስ ጠባዬን

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «ንቢት» ይላታል። እጇ ሥራ አይፈታም፤ ምላሷም ይናደፋል። ከታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሙሽራ ልብስ ይሠራሉ፤ እህቷ ትቆርጣለች፣ እሷ ትሰፋለች። ከስፌት መኪናው አጠገብ አሮጌ ፍራሽ ተነጥፏል። ደንበኛ ሲጠይቅ እህቷ «ጨርቁ መሬት እንዳይነካ ነው» ትላለች። ንቢት ግን «ለእኔ ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ስወድቅ እንዲመቸኝ ነው» ብላ ስፌቷን ትቀጥላለች።

ክኒን መዋጥ የጀመረችው በልጅነቷ ነው። የመጀመሪያው ሲያስተኛት ኖረ እንጂ መውደቋን አላስቆመም። ሁለተኛው በእርግጥ ቀነሰላት፤ ግን እጇን አንቀጠቀጠው። ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ አላት፤ የምትሰፋው ዶቃ ወለሉ ላይ እየተበተነ እህቷ በጉልበቷ እየዳኸች ስትለቅም ትውላለች። ልብስ ሰፊ እጇ ከከዳት ምን ቀራት? ሐኪሟ፣ ሽበት የወረሳቸው ረጋ ያሉ ሴት፣ ሦስተኛ መድኃኒት ሰጧት።

ሦስተኛው ጉድ አሰኘ። እጇ ጸና፤ መውደቁም ጭራሽ ጠፋ። እህቷ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ንቢት ግን መቀመጥ አቃታት። አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ትነሳለች፣ በሩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፣ ቁጭ ብላ እንደገና ትነሳለች። የመቀሱ ድምፅ ያናድዳታል፤ የእህቷ አተነፋፈስ እንኳ ያናድዳታል። አንዲት ሙሽራ ልብሷን ለክታ፣

«ወገቡ ትንሽ አልሰፋም?» ብትላት፣

«ታዲያ አንቺ ወፈር በያ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለች እህቷ።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ውስጤ ሰው ተቆልፎበት በር የሚደበድብ ነው የሚመስለኝ።»

«መውደቁ ቀረልሽ አይደል? ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቆሜ ከማብድ እየወደቅኩ ጤነኛ ብሆን ይሻለኛል!»

በማግስቱ ክኒኑን ለማንም ሳትነግር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋችው። ጥቂት ቀን ፊቷ ፈካ፤ እያንጎራጎረች ሰፋች። እህቷ «ለመደችው፣ ተመስገን» አለች። አንድ ቀን ቀትር ላይ ግን ንቢት ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች። ሌላ ጊዜ ቶሎ ትነቃ ነበር። ያን ዕለት አንዱ መንቀጥቀጥ ሲለቃት ሌላው ያዛት፤ መሐል ላይ አልነቃችም። የጎረቤቱ አናጺ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባት።

ሆስፒታል ስትነቃ ምላሷ ቆስሏል። እህቷ ሜትሩን ከአንገቷ እንኳ ሳታወርድ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ክኒኑን ጣልኩት» አለች ንቢት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጮሂብኛለሽ ብዬ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ ጩኸት የምትፈሪው?» አለች እህቷ። ሳቋና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣ።

ሐኪሟም መጡ። «ይሄ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ሊገድልሽ ይችል ነበር» አሉ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከሁሉም የሚሻለው የትኛው ነው?»

ሐኪሟ ወንበር ሳቡ። «እንደ አንቺ ሕመሙ አልበገር ባላቸው ሰዎች ላይ ሲወዳደሩ፣ ይሄ ከዚያ በብዙ ይበልጣል የሚባል የለም። አንዱን ያዳነ ሌላውን ያስመርራል። እኔ መውደቅሽ መቀነሱን ነው የምጠይቅሽ፤ ጠባይሽ መለወጡን ካልነገርሽኝ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ልምረጥ? እጄን ወይስ ጠባዬን?»

«ሁለቱንም ለማትረፍ እንሞክር። የሦስተኛውን መጠን ቀንሰን ከሌላ ጋር በትንሹ እናዳብለዋለን። ቀስ በቀስ ነው እንግዲህ፤ ትዕግሥት ካለሽ።»

«ትዕግሥትማ ከየት አባቱ ይመጣል!» አለች ንቢት። ግን የሰጧትን ክኒን ዋጠችው።

አዲሱ ጥንድ መጀመሪያ አዞራት፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ትሄድ ነበር። እያደር ግን ቁጣዋ በረደ። ሙሽራዋን ቤቷ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ወገቡንም እዚያው አጠበበችላት። መውደቁ ጨርሶ አልቀረም፤ አልፎ አልፎ ይጎበኛታል።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ «መጠኑን ብንጨምረው የቀረውም ሊጠፋ ይችላል፤ ብስጭቱም ሊመለስ ይችላል። ምን ትያለሽ?» አሏት።

ንቢት እህቷን አላየችም። «አሁን ባለበት ይቆይልኝ» አለች።

የእህቷ ፊት አመድ መሰለ። ታክሲ ውስጥ ነው የተናገረችው።

«ልክ ያደረግሽ ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች ንቢት። መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ደግሞ ከፈተችው። «ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»