አባባን ለመሣል

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ዲላ ላይ መብራት ጠፍቶ ያመሸ ቀን ለእኔ በዓል ነበር። እናቴ ፍም ያለበትን ማንደጃ ሳሎን መሀል ታስቀምጣለች፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ ቡና ለቀማ እስኪደርስ ከጨለለቅቱ መጥተው እኛ ጋ የሚከርሙት የእናቴ አባት ደግሞ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተረት ይጀምራሉ። አባባ ነበር የምንላቸው። ያኔ ፊታቸው ላይ የማይመጣ እንስሳ አልነበረም፤ ጅቡም ጦጣዋም እዚያው ይተራመሱ ነበር፣ እኔም በጉጉት ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ።

እናቴን ግን የሚያስጨንቃት ነገር ነበር። እናቷ አንድም ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው፤ «የእማዬ መልክ እየጠፋብኝ ነው» እያለች መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ፊት ስትፈትሽ አይቻታለሁ። አባባን ፎቶ ቤት ወስዳቸው ነበር፤ የወጣው ግን ደረቅ የመታወቂያ ጉርድ ሆነ። ስለዚህ ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖረውን ጋሽ ታደሰን «አባዬን ሣልልኝ» ብላ ለመነችው። ጋሽ ታደሰ የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጌጥ እየሣለ የሚኖር፣ ሰው መሣል ግን የዘወትር ሕልሙ የሆነ ሰው ነበር፤ ስትጠይቀው ከእሷ በላይ እሱ ተደሰተ።

ችግሩ፣ ጋሽ ታደሰ የሚሠራው በቀን ብርሃን ነው። አባባ ደግሞ በቀን ወንበር ላይ ሲቀመጡ መንጋጋቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን የግቢው በር ላይ ተክለው፣ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ይሆናሉ።

«እስቲ ፊትዎ ፈታ እንዲል ተረት ያውሩልኝ፣ አባባ።»

«በቀን? በቀን ተረት አይሆንም። በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል።»

ጋሽ ታደሰ እየሣለ፣ መልሶ እየፋቀ ሰነበተ። እናቴ ሸራውን ባየች ቁጥር «ይሄ ሰው ማነው?» ትላለች። እንዲህ እያለ ለቀማው ደረሰ፤ አባባ በማግስቱ ሊሄዱ ሆነ።

በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ታደሰ ብሩሹን እንደያዘ ተክዞ አገኘሁት። አባባ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ መንጋጋቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። እኔ የሚጠፋብኝ ከብት የለኝም አልኩ ለራሴ፤ ጀሪካን ገልብጬ አባባ ፊት ተቀመጥኩና ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የገባውን ጅብ ተረት ጀመርኩ። የሳቸው ተረት ነው። ግን ጅቡን የምታወጣውን ጦጣ ረሳኋት፤ ጨነቀኝና ጅቡን በመሰላል አወጣሁት። የአባባ ቅንድብ ዘለለ። ሊያርሙኝ አይችሉም፤ ማረም በቀን ተረት ማውራት ነዋ። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ዓይናቸው ጠበብ ብሎ እኔ ላይ ቀረ፣ የታፈነ ሳቅ ጉንጫቸውን ነፋው። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ቀጠልኩ፤ ጅቡን ባጃጅ አሳፍሬ ወደ ዲላ ገበያ ላክሁት፣ በሒሳብም ከሾፌሩ ጋር አጣላሁት። ከኋላዬ ጋሽ ታደሰ በሹክሹክታ «እንዳታቆሚ፣ በናትሽ እንዳታቆሚ» ይላል። ብሩሹ ሸራው ላይ ሲሮጥ ይሰማኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረሰ። እናቴ ሥዕሉን አየችና አፏን በእጇ ይዛ «አባዬ» አለች። አባባም ቀርበው ተመለከቱ።

«ይሄን ሰውዬ አንድ ልጅ አናዶታል» አሉ።

ያን ማታ፣ መብራት ባይጠፋም፣ ፍሙ አጠገብ ጠሩኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም ነበር፤ «እኔ ስሄድ ጅቡን ባጃጅ እንዳታሳፍር» ብለው ተረቱን ከነጦጣዋ እንደገና ነገሩኝ፣ ከዚያም እኔ መልሼ እንድነግራቸው አደረጉ። በተሳሳትኩ ቁጥር ያቋርጡኛል፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ቆየን።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ሥዕሉ አሁንም እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ቀና ብሎ አይቶ «ተረት ሲያወሩ የተሣሉ ናቸው አይደል?» ይላል። እናቴም በኩራት አዎ ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ግን አባባ ተረት ሲያወሩ ፍሙንም፣ ጣሪያውንም፣ ሁላችንንም ነበር የሚያዩት። እዚህ ሥዕል ላይ የሚያዩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እያወሩ አልነበረም፤ እየሰሙኝ ነበር።