የሸጊቱን ሊንክ ማን ተጫነው?

ደባርቅ ውስጥ የሸጊቱን ያህል የሱፍ ቆብ የሚያሳምር የለም፤ የሷን ያህል የሚያኮርፍም የለም። ቆቡን ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ትሸጣለች። ዘንድሮ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ወደ ቆቦቿ የሚወስድ ሊንክ በዌብሳይቱ ላይ አስቀመጠላት። ሥራ አስኪያጁ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን፣ «እስከ ኅዳር ሚካኤል ማግስት ማንም ካልተጫነው አነሳዋለሁ» አላት።

ሸጊቱ የምትተማመነው በማኅበሯ ነው። በጥቅምት ሚካኤል፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ ሊንኩን ለማኅበርተኞቹ ሁሉ ላከችና «በሚካኤል ይዣችኋለሁ፣ ተጫኑልኝ» አለች። ሁሉም «እንዴታ!» አሉ። የነፍስ አባቷ ቄስ መልከ ጼዴቅም ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሳምንቱ የተጫኑትን ሰዎች የሚቆጥረው የዌብሳይቱ ቆጣሪ ዜሮ ይላል።

ሸጊቱ ማኅበሩን በሙሉ አኮረፈች። ገበያ ላይ ሲያገኟት ፊቷን ታዞራለች፤ የቄሱን መስቀል እንኳ ተሳልማ ቃል ሳትተነፍስ ታልፋለች። «ቆቡስ ይቅር፣ ሰው ማጣቴ ነው ያንገበገበኝ» ትላለች፤ እውነትም አንገብግቧት ነበር።

ዌብሳይቱን የሠራችው ትሕትና ግን ነገሩ አላማራትም። በራሷ ኮምፒውተር ስትጫነው ቆጣሪው አንድ አለ። በሸጊቱ ስልክ ስትጫነው ዝም።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ሰው ሊንኩን ሲጫን ገጹ ከጀርባ ለቆጣሪው መልእክት ይልካል። በእኔ ብሮውዘር ይደርሳል። በእርስዎ ስልክ ብሮውዘር ግን መልእክቱ ሳይወጣ ገጹ ይዘጋል። መንገደኛው አውቶቡስ ሳይሳፈር መናኸሪያው ተዘጋ እንደ ማለት ነው።»

«የማኅበሩ ሰዎችስ?»

«ስልካቸው እንደ እርስዎ ከሆነ ሲጫኑ ቢውሉም አይቆጠርም።»

ትሕትና ገጹ ቢዘጋም ብሮውዘሩ መልእክቱን እንዲያደርስ አድርጋ አስተካከለችው። የሙከራዋንም አንድ ከቆጣሪው ሰረዘች፤ ሐቀኛ ልጅ ናት።

ሸጊቱን ሐፍረት አቃጠላት። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞቹ እንደተሰበሰቡ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክማ ገባች።

«ጥፋቱ የብሮውዘሩ ነበር። እናንተ ተጭናችሁልኝ ሳለ በሐሰት ጠረጠርኳችሁ። ስለ ሚካኤል ይቅር በሉኝ።»

አንዱ ጠላውን ያያል፣ ሌላው ጣሪያውን። በመጨረሻ ቄስ መልከ ጼዴቅ ተነሥተው ድንጋዩን ከትከሻዋ አወረዱላትና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ይቅር ብለናል ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የሚጫኑት?»